ቫዮሊን ለዐዋቂ ጀማሪ፦ የ14 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ደጋን አልተነሣም። ጊዜው ሁሉ ያለቀው መሣሪያውን በመለካት ነው። ጀማሪ ቫዮሊኑ ሲያንቋርርበት ጥፋቱን በገዛ እጁ ላይ ይጥላል፤ ሳይስተካከል ከፋብሪካ የወጣ ቫዮሊን ግን በሠለጠነ እጅም ያንቋርራል። ስለዚህ ከእጁ በፊት እንጨቱ ይታያል።

ተማሪዋ ዐዋቂ ናት፤ ከዚህ በፊት ምንም መሣሪያ ተጫውታ አታውቅም። ቫዮሊኑ ሙሉ መጠን ነው፣ 4/4 የሚባለው። ግራ ክንዷን ስትዘረጋ የአንገቱ ጥቅልል መዳፏ ውስጥ ገብቶ ክርኗ ትንሽ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ይህ ከሆነ መጠኑ ልክ ነው። ክንዱ ተወጥሮ የሚደርስ ከሆነ ግን 7/8 መጠን መሞከር ይሻላል።

የሚርገበገበው የክር ርዝመት፣ ማለትም ከአንገቱ አናት ካለው የክር መቀመጫ ክሮቹን እስከተሸከመው ብሪጅ ድረስ ያለው፣ 328 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተለካ። ይህ ቁጥር ኋላ የጣት ቦታ ለማስላት ስለሚያስፈልግ በሳጥኑ ክዳን ላይ ተጽፏል። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ይባላሉ። በጣት ሰሌዳው መጨረሻ ላይ ክሮቹ ከሰሌዳው ያላቸው ከፍታ፦ ቀጭኑ ሚ 5 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ ሶል 7። ሁለቱም ከልክ በላይ ናቸው። የሚፈለገው ለሚ ከ3 እስከ 3.5፣ ለሶል 5 ገደማ ነው። ክሩ ከፍ ሲል ጣት አጥብቆ መጫን ይገደዳል፤ ሲጫን ክሩ ይለጠጣል፣ ድምፁም ከሚገባው በላይ ይወጣል። ከሁሉ የሚከፋው እጁ ከመጀመሪያው ቀን መጨበጥን መማሩ ነው። «ጭበጣ» የሚለው ቃል በዚህ ማስታወሻ ደጋግሞ ይመጣል። የዐዋቂ ጀማሪ ችግር፣ የቀኝ እጅም ይሁን የግራ፣ ሥሩ ሲፈለግ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ቀን 3

ብሪጁ ቫዮሊን በሚሠራና በሚጠግን ባለሙያ እጅ ተስተካከለ። አሁን ሚ 3.4፣ ሶል 5 ነው። ይህን ሥራ ቤት ውስጥ በቢላዋ መሞከር አያዋጣም፤ የብሪጁ አናት ቅስቱን ካጣ ደጋኑ ጎረቤት ክር ሳይነካ አንዱን ብቻ ማጫወት አይችልም።

ብሪጁ በሙጫ አልተጣበቀም። የያዘው የክሮቹ ግፊት ብቻ ነው፤ ውስጥ ያለው ትንሽ ምሰሶም እንደዚሁ ነው። ምሰሶው የሚቆመው በሚ ክር በኩል ካለው የብሪጁ እግር ትንሽ ወደ ኋላ ሲሆን የላይኛውን ገበታ ንዝረት ለታችኛው ያሻግራል። ፈረንሳዮች «ነፍስ» ብለው ይጠሩታል። አራቱም ክሮች በአንድ ጊዜ ከወለቁ ምሰሶው ሊወድቅ ስለሚችል ክር ሁልጊዜ አንድ በአንድ ይቀየራል። ብሪጁ ትክክል መቆሙን የሚያሳዩ ሁለት ምልክቶች አሉ፦ እግሮቹ በሁለቱ የድምፅ ቀዳዳዎች ውስጠኛ ጥርሶች ትይዩ ይሆናሉ፣ ወደ ክር ማሰሪያው (የክሮቹ የታች ጫፍ ወደታሰረበት ቁራጭ) የዞረው ፊቱ ደግሞ ከገበታው ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ክር በተጠበቀ ቁጥር የብሪጁ አናት ወደ ጣት ሰሌዳው ይሳባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትልቅ ቅኝት በኋላ ከጎን ይታያል።

መቃኛዎቹ፣ ማለትም ክሮቹ የተጠመጠሙባቸው የአንገቱ አናት ቁልፎች፣ ይንሸራተቱ ነበር። ሾጣጣ ስለሆኑ እንደ ቡሽ ወደ ውስጥ እየተገፉ ነው የሚዞሩት፤ ገፍቶ ያላዞረ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲቃኝ ይውላል። ክሩ በመቃኛው ላይ ሲጠመጠምም ዙሮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው መቃኛዎቹ ወደተሰኩበት ክፍል ግድግዳ መጠጋት አለባቸው፤ ያ ራሱ መቃኛውን ይይዘዋል። በክር መቀመጫውና በብሪጁ ቦዮች ውስጥ የእርሳስ ዱቄት ተቀብቷል። ክሩ በቦዩ ውስጥ እንዲንሸራተት ያደርጋል፣ ብሪጁንም ጎትቶ አያጋድልም።

ቅኝት፦ መጀመሪያ ላ በ440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት)፣ ከዚያ ሬ፣ ከዚያ ሶል፣ በመጨረሻ ሚ። ጎረቤት ክሮች በ3 ለ2 ጥምርታ ሲቃኙ ሬ 293.3፣ ሶል 195.6፣ ሚ 660 ይሆናሉ። የስልክ መቃኛ 293.7፣ 196 እና 659.3 ነው የሚለው። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ አሁን በስልኩ ይሠራል፣ ጆሮ ሲበስል በጆሮ። ሚ ቀጭን ብረት ስለሆነ የሚቃኘው በክር ማሰሪያው ላይ ባለችው ጥቃቅን ብሎን ነው። በትልቁ መቃኛ የሚያጠብቀው ሰው ክሩን ሊበጥስ ይችላል፤ ሲያደርገውም ፊቱን ማራቅ አለበት።

ቀን 4

ደጋኑ 74 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 60 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከ150 እስከ 200 የሚደርስ የፈረስ ጭራ ተወጥሮበታል። ጭራው የሚጠብቀው መሃል ላይ በእንጨቱና በጭራው መካከል የእርሳስ ውፍረት ያህል ክፍተት እስኪኖር ነው። እንጨቱ ቀጥ እስኪል ማጥበቅ ደጋኑን ያስፈነጥረዋል፣ ሲቆይም ያጣምመዋል። ሥራ ሲያበቃ ይላላል፤ በየቀኑ፣ ሳይረሳ። ጭራው በጣት አይነካም፤ የቆዳ ቅባት የነካው ቦታ ክር አይዝም።

የመጀመሪያው ሙከራ ድምፅ አልሰጠም። ደጋኑ ክሩ ላይ ቅባት እንደተቀባ ተንሸራተተ። ምክንያቱ ሮዚኑ ነው፦ አዲሱ የጥድ ሙጫ ፊቱ እንደ መስታወት ለስልሶ ስለነበር ምንም አልለቀቀም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተፋቀና አዲሱ ጭራ ከዳር እስከ ዳር 40 ጊዜ ያህል ተቀባ። ከዛሬ በኋላ ለአንድ ልምምድ 3 ወይም 4 ምልስ ይበቃል። ገበታው ላይ ነጭ ዱቄት የሚዘንብ ከሆነና ድምፁ አሸዋ አሸዋ ካለ በዝቷል ማለት ነው።

ሮዚን ለምን እንዳስፈለገ መረዳት ኋላ ብዙ ያቀላል። ጭራው ክሩን ይይዘዋል፣ ትንሽ ጎትቶ ይለቀዋል፣ ወዲያው መልሶ ይይዘዋል። በላ ክር ላይ ይህ በሰከንድ 440 ጊዜ ይደጋገማል። ይህን እንቅስቃሴ በ19ኛው መቶ ዘመን የለየው ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። የቀኝ እጅ ሥራ በሙሉ ይህን መያዝና መልቀቅ አለመረበሽ ነው፦ ብዙ ከተጫነ ክሩ በጊዜው አይለቀቅም፣ ይሰነጠቃል፤ ጥቂት ከተጫነ በቅጡ አይያዝም፣ ያፏጫል።

ቀን 5 እስከ 8

ደጋን አያያዝ ብቻ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ 5 ደቂቃ፣ ያለ ቫዮሊን።

መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ ደጋኑን በሚዛን ነጥቡ ላይ ይዞ፣ በመጨረሻ በእጅ መያዣው ጥቁር ቁራጭ ላይ፤ እሱን ከዚህ በኋላ ተረከዝ እንለዋለን። የሚዛን ነጥቡ ከተረከዙ በኩል የርዝመቱ ሲሶ ገደማ ላይ ይገኛል። እዚያ ሲያዝ ደጋኑ ቀላል ስለሆነ እጅ የሚጨብጥበት ምክንያት አያገኝም። ዐዋቂ ሰው 60 ግራም የሆነን ነገር ጫፉን ይዞ ሲያነሣ ሚዛኑ እንዳይወድቅ ሲል ሙጭጭ አድርጎ ይይዘዋል። ወዲያው ተረከዙ ላይ መጀመር ስህተት ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

ጣቶቹ፦ አውራ ጣት ታጥፎ፣ ጫፉ በእንጨቱና በተረከዙ ማዕዘን ላይ፤ የመሃል ጣት ፊት ለፊቱ፤ የቀለበት ጣት አጠገቡ ተንጠልጥሎ፤ አመልካች ጣት ጎኑን በእንጨቱ ላይ አሳርፎ፤ ትንሿ ጣት ቅስት ሆና ጫፏ ብቻ እንጨቱ አናት ላይ። የመጀመሪያው የሚበላሸው አውራ ጣት ነው። ወደ ኋላ ከተቀለበሰ ከእጅ አንጓ እስከ ትከሻ ያለው ሁሉ ይደርቃል። ቀጥላ ትንሿ ጣት ትገተራለች። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ደጋኑን አግድም ይዞ ትንሿን ጣት አንሥቶ መመለስ፣ አውራ ጣትን አጥፎ መዘርጋት። የማይንቀሳቀስ ጣት የጨበጠ ጣት ነው።

በቀን 8 ተማሪዋ ደጋኑን ቀጥ አድርጋ ይዛ ጫፉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንደ መጥረጊያ ስታወዛውዝ ትንሿ ጣት ሳትገተር 20 ጊዜ ሠራች። ይበቃል።

ቀን 9

ቫዮሊኑ ትከሻ ላይ ወጣ። የትከሻ ማረፊያው ከፍታ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ልኩ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ተማሪዋ ወደ ፊት እያየች ትቆማለች፣ ትከሻዋን አታነሣም፣ አገጯን በራሱ ክብደት ታሳርፋለች፣ ቫዮሊኑም ግራ እጅ ሳይደግፈው ለጥቂት ሰከንድ ይቆያል። አገጩ ጨምድዶ ከያዘ ማረፊያው አጥሯል፤ ራሱ ወደ ኋላ ከተገፋ በዝቷል። የአገጭ ማረፊያን በ1820 ገደማ ያስተዋወቀው ቫዮሊን ተጫዋቹ ሉዊስ ሽፖር ነው፤ ከዚያ በፊት አገጭ በባዶ እንጨት ላይ ነበር። አሁንም ሁለቱን ማረፊያዎች ለአንድ አንገት አስማምቶ መግጠም ከብዙ ሰዓት ልምምድ የበለጠ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ድምፅ በሬ ባዶ ክር (ጣት ያልተጫነበት) ላይ ተሰማ፤ በደጋኑ መሃል፣ 15 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጭራ። መሃል ላይ ክርኑ 90 ዲግሪ ታጥፎ ላይኛ ክንድ፣ ታችኛ ክንድ፣ ደጋንና ክር አራት ማዕዘን ይሠራሉ። ከዚህ ቦታ የሚንቀሳቀሰው ከክርን በታች ያለው ብቻ ነው፣ እንደ በር በማጠፊያው።

ሳምንት 3

በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ፣ ሁሉም በባዶ ክር። ምት የሚቆጥረው ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ፣ ለአንድ ምልስ 4 ምት።

ትልቁ ጠላት የደጋኑ መንሸራተት ነው። ወደ ታች ሲሳብ ከመሃል እስከ ጫፍ ባለው ግማሽ ደጋኑ ከብሪጁ እየራቀ ወደ ጣት ሰሌዳው ይሄዳል፣ ድምፁም ይሳሳል። ምክንያቱ የክንድ ቅርጽ ነው፦ ክንድ ከትከሻ ሲሳብ ክብ ይሠራል፣ ደጋኑ ግን ቀጥ ያለ መስመር ይፈልጋል። ስለዚህ ከመሃል በኋላ ክርኑ ወደ ኋላ መሄዱን ትቶ መዘርጋት አለበት፣ እጁም ከሰውነት ፊት እየራቀ ይወጣል። ለተማሪዋ «ወደ ፊት እየገፋሁ ነው» የሚል ስሜት ሰጣት፤ መስታወት ውስጥ ግን ደጋኑ ቀጥ ብሎ ነበር። ይህ ስሜትና እውነታ የሚጣሉበት ቦታ ስለሆነ መስታወት የግድ ነው፣ ከጎን የሚታይበት።

ሁለተኛ ምክንያትም ተገኘ፦ ሲደክማት የቫዮሊኑ ጥቅልል ወደ ታች ያጋድላል። ተዳፋት ላይ ያለ ደጋን ደግሞ ወደ ተዳፋቱ ይንሸራተታል። ጥቅልሉ ከፍ ሲል ግማሹ ችግር ያለ ምንም የደጋን ሥራ ጠፋ።

ደጋኑ የሚሄድበት መንገድ በብሪጁና በጣት ሰሌዳው መጨረሻ መካከል ነው። ያ ክፍተት እዚህ 58 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መሃሉ ከብሪጁ 29 ሚሊ ሜትር ይርቃል። ወደ ብሪጁ ሲጠጋ ብዙ ክብደትና ዝግታ ይፈልጋል፣ ስህተትንም አይምርም፤ ሲርቅ ፍጥነትና ቅለት ይፈልጋል። ሦስቱን፣ ማለትም ክብደትን፣ ፍጥነትንና ቦታን፣ አንዱን ብቻ እየለወጡ ሁለቱን ሳይነኩ መሞከር የሳምንቱ ዋና ልምምድ ነበር። ከዚህ የበለጠ ለድምፅ የሚጠቅም ነገር በጀማሪነት ጊዜ አናውቅም።

ክብደት ማለት ጫና አይደለም። ተረከዙ አጠገብ የደጋኑ ክብደት ሁሉ ክሩ ላይ ስለሚወርድ ትንሿ ጣት ታቀልለዋለች፤ ጫፉ ላይ ክብደት ስለሚያንስ ክንዱ በትንሹ ወደ ውስጥ ዞሮ በአመልካች ጣት በኩል ይጨምርለታል። ጫፉ ላይ የሚሳሳውንና ተረከዙ ላይ የሚሰነጠቀውን ድምፅ ለማስተካከል ተማሪዋ ደጋኑን አጥብቃ ያዘች። መጨበጥ ክብደት አይጨምርም፤ ጣቶች እርስ በእርስ ይገፋፋሉ እንጂ ወደ ክሩ የሚወርድ ነገር የለም።

ሳምንት 4

የግራ እጅ ጀመረ። የጣት ቦታ በ328 ሚሊ ሜትር ላይ ተሰላ፣ ከክር መቀመጫው ሲለካ። ሦስተኛ ጣት የክሩ ሩብ ላይ፣ 82 ሚሊ ሜትር። አንደኛ ጣት አንድ ዘጠነኛው ላይ፣ 36። አራተኛ ጣት ሲሶው ላይ፣ 109። ከፍ ያለው ሁለተኛ ጣት ከ66 እስከ 68፤ ማለትም ከሦስተኛው ጣት ጋር ተነካክቶ ይቀመጣል። ዝቅ ያለው ሁለተኛ ጣት 52፣ ወደ አንደኛው የተጠጋ። በቫዮሊን አቆጣጠር አንደኛ የሚባለው አመልካች ጣት ነው።

ቀጭን ፕላስተር የተለጠፈው በአንደኛና በሦስተኛ ጣት ቦታ ብቻ ነው። አራት መስመር የሚለጥፉ አሉ፤ ያኔ ግን ዓይን ሥራውን ከጆሮ ይቀማል፣ አንገትም ወደ ሰሌዳው ይጣመማል። ፕላስተሩ ከተለጠፈ በኋላ በድምፅ ተፈተነ፦ በላ ክር ላይ ሦስተኛ ጣት ሬ ነው፣ ከባዶው ሬ ክር አንድ ኦክታቭ በላይ፣ ማለትም በእጥፍ ንዝረት። በትክክለኛው ቦታ ሲያርፍ ማንም ያልነካው ሬ ክር ራሱ ይርገበገባል፤ በዓይን ይታያል። አንድ ሚሊ ሜትር ሲሳሳት ያ ክር ጸጥ ይላል። በሬ ክር ላይ ሦስተኛ ጣት ሶልን እንዲሁ ያነሣዋል። መሣሪያው ራሱ ይመልሳል፤ ተማሪዋ ይህን የሰማች ቀን የስልክ መቃኛውን ማየት ቀነሰች።

አውራ ጣት በአንደኛውና በሁለተኛው ጣት ትይዩ ይቆማል፣ አይጫንም። መፈተኛው፦ ጣት ክሩ ላይ እያለ አውራ ጣትን አንገቱ ላይ መታ መታ ማድረግ። ካልተላቀቀ ጭበጣ አለ። የጣት ጫና የሚለካው ከታች ወደ ላይ ነው፦ መጀመሪያ ጣት ክሩን ሳይጫን ይነካል፣ ደጋኑ ሲሳብ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል፤ ጥቂት ሲጨመር ይነጫነጫል፤ ትንሽ ሲጨመር ድምፁ ይጠራል። እዚያ ይቆማል። ተማሪዋ እስከዛሬ ስትጫን የነበረው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር፣ ጣቷ ላይ የቀረው ጥልቅ መስመር ምስክር ነው።

ሳምንት 5

የላ ሜጀር የድምፅ መሰላል፣ አንድ ኦክታቭ። ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ በላ ክር ላይ 0 (ባዶ ክር)፣ 1፣ 2፣ 3፣ በሚ ክር ላይም ያው 0፣ 1፣ 2፣ 3። የጣቶቹ ቅርጽ አይቀየርም። ከዚያ የሬ ሜጀር፣ በዚያው ቅርጽ፣ በሬና በላ ክሮች።

ክር ሲቀየር ሁለት ድምፅ አብሮ ይሰማ ነበር። እጅ አንጓ ሲጠመዘዝ ተገኘ፤ የክሩን ከፍታ የሚመርጠው ግን ክርን ነው። ለሶል ክርን ከፍ ይላል፣ ለሚ ዝቅ። ልምምዱ ያለ ድምፅ ነው፦ ደጋኑ ክሩ ላይ ቆሞ ሳይሳብ ከሶል ወደ ሬ፣ ወደ ላ፣ ወደ ሚ መዘዋወር፣ በየአንዳንዱ ላይ ቆም እያሉ፣ ጎረቤት ክር ሳይነካ።

ባዶ ሚ አልፎ አልፎ ያፏጫል። ይህ በጀማሪ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ቀጭኑ ብረት በመርገብገብ ፈንታ በዘንጉ ዙሪያ ይጠመዘዛል። ደጋኑ ሚ ላይ በትንሽ ክብደት ቀድሞ ካረፈ በኋላ ሲሳብ ይቀንሳል። ካልቀነሰ አሉሚኒየም የተጠቀለለበት የሚ ክር መልስ ይሆናል።

ሳምንት 7

ወደ ኋላ የተመለሰ ሳምንት። ድምፁ ሻክሯል፣ የሦስተኛ ጣት ድምፅ ሁሉ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ተማሪዋም ልምምዱን ወደ አንድ ሰዓት ልታሳድገው አሰበች። አልተፈቀደም፤ መጀመሪያ መሣሪያው ታየ።

ብሪጁ አናቱ ወደ ጣት ሰሌዳው አጋድሎ ነበር፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል። ክሮቹ በእርሱ ምክንያት አጥረው ነበር፤ የቀድሞው ፕላስተር ቦታ የማይሠራውም ለዚህ ነው። ክሮቹ በትንሹ ላሉ፣ ቫዮሊኑ ጭን ላይ ተቀመጠ፣ የብሪጁ ሁለት ትከሻዎች በአውራና በአመልካች ጣቶች ተይዘው ቀስ እየተባለ ተመለሰ። እንዲህ አጋድሎ የተተወ ብሪጅ ይቆለመማል፣ ሲወድቅም ገበታውን ይመታል። በክሮቹ ላይ ደግሞ ደጋኑ በሚሄድበት ቦታ የሮዚን ቅርፊት ተጋግሮ ተገኘ። በደረቅ ጨርቅ ተጠረገ፤ ከዛሬ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ክሩም ገበታውም ይጠረጋሉ። አልኮል አይቀርብም፣ ጠብታው ቫርኒሹን ያነሣል።

ሦስተኛው ምክንያት ሰውነት ላይ ነበር። የትከሻ ማረፊያው አንድ እግሩ ተንሸራቶ ቫዮሊኑን ስላዘነበለው ግራ ትከሻ ሊደግፈው ተነሥቷል። ከትከሻው ጋር ግራ እጅ መጨበጥ ጀምሯል። ሦስቱ ሲስተካከሉ በሁለት ቀን ውስጥ ድምፁ ተመለሰ። ልምምዱ 20 ደቂቃ ሁለቴ እንደሆነ ቀጠለ፤ ጣት ከደነዘዘ ወይም አንገት ከታመመ ወዲያው ይቆማል።

ሳምንት 8

ዝቅ ያለ ሁለተኛ ጣት። በላ ክር ላይ ዶ ሻርፕ (ከዶ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) የነበረው አሁን ዶ ሆነ፣ ወደ አንደኛው ጣት ተጠግቶ። ሁለት ቅርጽ መለዋወጥ ከታሰበው በላይ ጊዜ ወሰደ፤ ሁለተኛው ጣት ወደ ኋላ ሲመጣ ሦስተኛው አብሮት ይጎተታል። መፍትሔው ሦስተኛውን ጣት ክሩ ላይ ተክሎ ሁለተኛውን ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንሸራተት ነው፣ ያለ ደጋን።

ሁለት ድምፅ በአንድ ደጋን ማሰርም ተጀመረ። ደጋኑ አይቆምም፤ ጣት ብቻ ይወርዳል። ጣቱ ሲወርድ ደጋኑ የሚደነግጥ ከሆነ ሁለቱ እጆች ገና አልተለያዩም።

ሳምንት 9

ጆሮ የሚፈተንበት ሳምንት፤ ቦታ ቢወስድም ይገባዋል።

በሬ ክር ላይ አንደኛ ጣት ሚ ነው። ይህ ሚ ከባዶው ላ ጋር አብሮ ሲሳብ አንድ ቦታ ላይ ይጠራል፣ ከባዶው ሶል ጋር ሲታሰብ ግን ሌላ ቦታ ላይ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከላ ጋር አራት ለሦስት፣ 330 ኸርዝ፤ ከሶል ጋር አምስት ለሦስት፣ 325.9 ኸርዝ። ልዩነቱ በሰሌዳው ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ተማሪዋ «የቱ ነው ቦታው?» ብላ ጠየቀች። የፕላስተሩ መስመር ይህን አይመልስም፤ ጣት የሚያርፈው አብሮት ከሚሰማው ድምፅ አንጻር ነው። አሁን የምትሠራው ዜማ በአንድ ክር ስለሆነ ከላው ጋር የሚጠራውን ትከተል ተባለ። ሆኖም ልዩነቱን በጆሮዋ ሰማች፤ ከዚህ በኋላ «ፕላስተሩ ላይ አርፌያለሁ» ማለት አይበቃትም።

በየቀኑ 5 ደቂቃ፦ የሬ ድምፅ ሳይቋረጥ ከስልክ ይለቀቃል፣ የሬ ሜጀር በላዩ ላይ በዝግታ ይጫወታል። የተሳሳተ ድምፅ ከተለቀቀው ጋር ሲጋጭ ይወዛወዛል፤ ጣቱ ሲንከባለል ውዝዋዜው እየዘገየ ሄዶ ይጠፋል። ጣት አይነሣም፣ ጫፉ ላይ ይንከባለላል።

ሳምንት 11

አራተኛ ጣት። አጭርና ደካማ ስለሆነች ድምፁ ዝቅ ይላል። ትንሿን ጣት መዘርጋት አይረዳም፤ ግራ ክርን ከቫዮሊኑ ሥር ወደ ቀኝ ሲገባ መላው እጅ ወደ ሰሌዳው ይቀርባል፣ ጣቷም ታጥፋ ትደርሳለች። መፈተኛው ዝግጁ ነው፦ በላ ክር ላይ አራተኛ ጣት ሚ ስለሆነ ከባዶው ሚ ጋር አንድ ይሆናል። ሁለቱ አብረው ሲሳቡ አንድ ድምፅ ብቻ መሰማት አለበት።

ረጅም ደጋን 8 ምት ላይ መሃሉ ተንቀጠቀጠ። ደጋን በተፈጥሮው መሃሉ ላይ ይዘላል፤ የሚጨብጥ እጅ ያንን ዝላይ አይውጠውም፣ ይመልሰዋል። የትንሿ ጣትና የአውራ ጣት መታጠፍ ተፈተሸ፤ ሁለቱም ደርቀው ነበር። ለሦስት ቀን ወደ 4 ምት ተመለሰ፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 8።

ሳምንት 12

ቀረጻ። ቫዮሊን ግራ ጆሮ ሥር ስለሚጮህ ተጫዋቹ የጭራውን ፉክት ከሌላው ሰው በላይ ይሰማል፣ ፉክቱን ለማጥፋትም ክብደቱን ቀንሶ ድምፁን ያሳሳል። ስልኩ ሦስት ሜትር ርቆ ተቀመጠ። ለተማሪዋ ሻካራ የመሰላት ድምፅ በቀረጻው ሙሉ ሆኖ ተገኘ፤ ለስላሳ የመሰላት ደግሞ ከሩቅ አይሰማም። በሳምንት አንድ ጊዜ ይቀረጻል፣ ከዚያ አይበልጥም።

ቪብራቶ፣ ማለትም ጣትን ክሩ ላይ እያወዛወዙ ድምፁን ማርገብገብ፣ ይጀመር የሚል ጥያቄ ተነሣ። ገና ነው። የሚወዛወዝ ጣት መጀመሪያ የሚወዛወዝበት ትክክለኛ ቦታ ያስፈልገዋል፣ አውራ ጣትም ሳይጨብጥ መቆየት አለበት። የሚጨብጥ እጅ የሚያመጣው ቪብራቶ መንቀጥቀጥ ነው፣ ኋላም ለማፍረስ ይከብዳል።

ሳምንት 14

ፕላስተሮቹ ተነሡ። ሙጫቸው በደረቅ ጨርቅ ወጣ። የሶል ሜጀር ሁለት ኦክታቭ፣ ከባዶው ሶል እስከ ሚ ክር ዝቅ ያለ ሁለተኛ ጣት፣ በ60 ሜትሮኖም ለአንድ ድምፅ 2 ምት ተጫወተ፣ በመቃኛም ታየ። አንደኛና ሦስተኛ ጣት ጸንተዋል። አራተኛዋ በሶል ክር ላይ አሁንም ዝቅ ትላለች፤ ክርኑ ወደ ሶል ሲሻገር በቂ አይገባም። ሚ ክር ላይ ያለው ዝቅተኛ ሁለተኛ ጣት ከቦታው አልፎ ድምፁ ከፍ ይላል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፤ በዚያ ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር ከግማሽ ድምፅ መቶኛ ስድስት ያህሉ ነው፣ ለሠለጠነ ጆሮ ይሰማል።

የመሣሪያው ሁኔታ፦ ብሪጁ ቀጥ ብሏል። የሚ ክር በብሪጁ ላይ መቁረጥ ስለጀመረ ከክሩ ጋር የመጣችው ትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ ብሪጁ አናት ላይ እንድታርፍ ተደረገ። የላ ክር የላይ መጠቅለያ አንደኛ ጣት በሚያርፍበት ቦታ መፈታት ጀምሯል፤ ይቀየራል፣ እሱ ብቻ፣ ሌሎቹ ተወጥረው እያሉ። አዲሱ ክር ለጥቂት ቀን ስለሚለጠጥ በየ10 ደቂቃው ይቃኛል፣ ብሪጁም በየቀኑ ከጎን ይታያል።

ለሚቀጥለው ሳምንት፦ ሶል ክር ላይ አራተኛ ጣት ከባዶው ሬ ጋር አንድ እስኪሆን፣ ክርን ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ገብቶ፣ በቀን 5 ደቂቃ።